የብርሃንን አቅጣጫ ያሳዩኝ ሰዎች

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ደረጃ ሥር፣ የመስታወት ሣጥናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሣጥናቸው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ አረፍ ሳልል አላልፍም። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ካሲዮ ሰዓት ያላሰረ ጎረምሳ የማይታይበት ጊዜ።

አንድ ቀን ፊቱን ፀሐይ የበላው ሰዓት መጣላቸው። መሐሉ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ተልጦ፣ ሰዓቱን ማንበብ አይቻልም። ጋሼ በምላጭ ጫፍ ከመስታወቱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ገሽልጠው አነሡ። ወዲያው ቁጥሮቹ ጭራሽ ጠፉ፤ ፊቱ ባዶ ግራጫ ሆነ። ተበላሸ ብዬ ደነገጥሁ። እሳቸው ግን ሳይቸኩሉ ከተጣለ ካልኩሌተር ላይ ቆርጠው ካስቀመጡት ፕላስቲክ አንድ ቁራጭ አውጥተው ከላይ ያዙበት። ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። ቁራጩን ሩብ ዙር ሲያዞሩት ደግሞ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ የት ሄዶ ነበር?» አልኋቸው።

«የትም አልሄደ፣ የኔ ልጅ። እዚያው ነበር። ዓይንህ ነው ያልለየው» አሉኝና ፕላስቲኩን በልኩ ይቆርጡ ጀመር። ትርፉን ቁራጭ ለእኔ ሰጡኝ። ደብተሬ ውስጥ አድርጌ ስንት ጊዜ በሰው ሰዓት ላይ እያዞርሁ እንደተመለከትሁበት!

ያን ዕለት ያየሁትን ነገር በስሙ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለ ብርሃን ስናወራ ድምቀቱንና ቀለሙን እናነሣለን፤ ሁለቱንም ዓይናችን ያለ አስተማሪ ይለያቸዋል። ሌላም ጠባይ ግን አለው። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ሞገድ ነው፤ ሲጓዝ መስኩ ለጉዞው መስመር ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ይነዝራል። ንዝረቱ ሽቅብና ቁልቁል፣ ግራና ቀኝ፣ ወይም በመካከል ባለ በየትኛውም አቅጣጫ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እየተሽከረከረ የሚጓዝም አለ። ይህ የንዝረት አቅጣጫ ፖላራይዜሽን ይባላል። ከፀሐይና ከአምፖል የሚመጣው ብርሃን አቅጣጫው የተደበላለቀ ነው። የጋሼ ፕላስቲክ ከድብልቁ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። በሰዓቱ ፊት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን አቅጣጫ ሩብ ዙር ያዞራል፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማዞሩን ይተዋል። ቁጥሩ የተጻፈው በዚህ የአቅጣጫ ልዩነት ነው። ከላይ አቅጣጫ የሚለይ ፕላስቲክ ከሌለ ዓይናችን ከጽሑፉ ምንም አያገኝም።

ይህን ጽሑፍ ያለ መሣሪያ የሚያነቡ ፍጥረታት አሉ። ኦስትሪያዊው የንብ ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳወቀው፣ ንቦች ፀሐይዋ ራሷ ባትታያቸውም ከሰማዩ ጥቂት ሰማያዊ ቦታ እስካዩ ድረስ በብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫ መንገዳቸውን ያገኛሉ። ይህን ያነበብሁ ዕለት የአያቴ ቀፎዎች ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ ስንት ቀን ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ ንቦቹ ሲወጡና ሲገቡ ተመልክቻለሁ! እኔ ለማየት ፕላስቲክ የሚያስፈልገኝን ነገር እነሱ ከሰማይ ላይ ሲያነቡት እንደነበር አላወቅሁም።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የብርሃን ጥናትን፣ ኦፕቲክስን፣ ያስተማሩን አንድ ህንዳዊ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የህንድ መምህራን ለብዙ ኢትዮጵያዊ ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል፤ የእኛም ፕሮፌሰር የዚያ ረጅም መስመር ቀጣይ ነበሩ። «ሰር» እንላቸዋለን። እንግሊዝኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ከአማርኛ «እሺ»ንና «ገባችሁ?»ን ያውቃሉ፤ «ገባችሁ?» ካሉ ደግሞ መልስ ሳያገኙ አያልፉም።

አንድ ጠዋት ኦቨርሄድ ፕሮጀክተሩን አብርተው እንደ ጋሼ ፕላስቲክ አንዱን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ፖላራይዘሮችን አነባበሩበት። አንዱን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን እየደበዘዘ ሄዶ ሩብ ዙር ሲደርስ ጨለመ። ከዚያ ሦስተኛ ፖላራይዘር አንሥተው አሳዩን።

«ይኼን በሁለቱ መካከል ባስገባው ምን ይሆናል?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የባሰ ይጨልማል!» አለ። ሁለት መከልከያ የዘጋውን ሦስተኛ መከልከያ ይከፍተዋል ብሎ ማን ያስባል?

ሦስተኛውን 45 ዲግሪ አዘንብለው አስገቡት። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ተመልሶ መጣ። ከኋላ የተቀመጡት ብድግ ብለው ቆሙ። ሰር እስክንረጋጋ ጠበቁና ጠመኔያቸውን አነሡ። እያንዳንዱ ፖላራይዘር ከሚደርሰው ብርሃን በራሱ አቅጣጫ የሚነዝረውን ድርሻ ብቻ ያሳልፋል፤ ያለፈው ብርሃን ግን ከዚያ በኋላ የሚነዝረው በአዲሱ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ መካከለኛው የመጀመሪያውን ብርሃን 45 ዲግሪ አዘንብሎ ለመጨረሻው ያቀብለዋል። ፖላራይዘሮቹ እንከን የለሽ ቢሆኑ ከመጀመሪያው ካለፈው ብርሃን ሩቡ ይደርሳል። «ገባችሁ?» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባችን «ገባን!» አልን።

ስለ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ የሰማሁትም ያኔ ነው። ማሉስ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ ነበር፤ ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ ድረስ ዘምቷል። እ.ኤ.አ. በ1808 ፓሪስ ውስጥ፣ ምሽት ላይ ፀሐይ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ ስታንጸባርቅ፣ በአይስላንድ ክሪስታል አሻግሮ ተመለከተ። ይህ ክሪስታል አንዱን ምስል ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ድንጋይ ነው፤ ራስመስ ባርቶሊን ጠባዩን የጻፈው በ1669 ነበር። ማሉስ ክሪስታሉን ሲያዞረው ሁለቱ ምስሎች በየተራ ሲደምቁና ሲደበዝዙ አየ። የብርሃን አቅጣጫ የክሪስታል ብቻ ነገር እንዳልሆነ፣ ተራ የመስኮት መስታወትም ብርሃንን ሲመልስ አቅጣጫ እንደሚመርጥለት የታወቀው ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው።

ሰር ይህን በቃል ነግረውን አልተዉንም። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሁላችንንም ወደ ጣና ዳር ወሰዱን። ውኃው ዓይን እስኪያጠፋ ያብረቀርቃል። ለእያንዳንዳችን የፖላራይዘር ቁራጭ አደሉን። በቁራጩ እያየሁ ቀስ ብዬ ሳዞረው፣ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ያ ሁሉ ብልጭታ ከውኃው ላይ ተገፎ ሄደ። ከሥሩ ድንጋዩ፣ አረንጓዴው ሣር፣ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ትንንሽ ዓሦች ታዩ። ጥቂት ባዞረው ብልጭታው ተመልሶ ይሸፍናቸዋል። ሰር ከኋላዬ ቆመው አንገቴን በትንሹ ዝቅ አደረጉልኝ። የስኮትላንዱ ዴቪድ ብሩስተር በ1815 እንዳገኘው፣ ከቁልቁል መስመሩ 53 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ከውኃ ላይ የሚመለስ ብርሃን የሚነዝረው በአግድም ብቻ ነው። ዓይኔ በዚያ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ፖላራይዘሩ ነጸብራቁን ጠቅልሎ አጠፋው።

በታንኳ የሚያልፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ እኛን ሲያይ ወደ ዳር ተጠጋ። ቁራጬን ሰጥቼው እንዴት እንደሚያዞረው አሳየሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ተመለከተና «ኧረ ውኃው ተገለጠ እኮ!» አለ። ሰር የተናገረውን እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው በደስታ ሣቁ። ዓሣ አጥማጁ ቁራጩን ይዞ ሄደ።

ሰር ስለ አገራቸው ሰው ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስን ነው። ቦስ በ1890ዎቹ ካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ውስጥ ሚሊሜትሮች ብቻ ርዝመት ያላቸውን የሬዲዮ ሞገዶች ያመነጭ ነበር። ሞገዶቹ እንደ ብርሃን ያሉ፣ ግን በእጅ ሊያዝ በሚችል ልክ የተሠሩ በመሆናቸው፣ የብርሃንን ጠባይ በጠረጴዛ ላይ ለመመርመር ተስማሚ ነበሩ። ፖላራይዘር ሲያስፈልገው የባቡር የጉዞ ሰዓት መጽሐፍ ወስዶ በገጾቹ መካከል የቆርቆሮ ወረቀት አስገባበት፤ ሠራለት። በ1898 ደግሞ ጆንያ የሚሠራበትን የጁት ጭረት አሰባስቦ ገመድ አድርጎ ገመደው፤ አንዳንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ። ሞገዱን በገመዶቹ መካከል ሲያሳልፍ የንዝረቱ አቅጣጫ ዞሮ ወጣ። በቀኝ የተገመደው ወደ አንድ ወገን፣ በግራ የተገመደው ወደ ሌላው ወገን አዞረው።

«ጁቱ ያው ጁት ነው» አሉ ሰር። «ሞገዱን ያዞረው ግምዱ ነው።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ከውስጤ አልወጣም። እስከዚያ ድረስ ብርሃንን የሚያዝ ሰው የተለየ ማዕድን ማግኘት ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ ከአይስላንድ የሚመጣ ድንጋይ ወይም በፋብሪካ የሚቀመም ፕላስቲክ። ቦስ ግን ተራውን ነገር ወስዶ ቅርጽ ሰጠው፣ ሥራውም በቅርጹ ተሠራ። በዚያ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ሰር ሰሌዳው ላይ አንድ ስም ጻፉ፦ ፓንቻራትናም። «የዚህን ሰው ሥራ አሁን አላስተምራችሁም። ስሙን ያዙት፤ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል» አሉን። ደብተሬ ላይ ጻፍሁት።

ለሁለተኛ ዲግሪ የሄድሁት ጀርመን፣ ዬና ነው። ዬና የኦፕቲክስ ከተማ ናት። ካርል ዛይስ ወርክሾፑን የከፈተባት በ1846 ነው፤ ኤርንስት አቤ የማይክሮስኮፕን ስሌት የሠራውም እዚያው ነው። በከተማዋ መሐል የአቤ ቀመር የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። ቀመሩ ማይክሮስኮፕ ለያይቶ ሊያሳይ የሚችለው የሁለት ነጥቦች ርቀት ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ግማሽ ገደማ በታች እንደማይወርድ ይናገራል። በረዶው ላይ ቆሜ ያን ድንጋይ ሳነብ፣ ከዚያ ወሰን በታች ብርሃን ምንም ጉዳይ የሌለው መስሎኝ ነበር። ሌላ ነገር ያየሁት ላቦራቶሪ ከገባሁ በኋላ ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ እንደ ታላቅ እህት የተቀበለችኝ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። መጀመሪያ የንጹሕ ክፍሉን ወግ አስተማረችኝ፤ ካባው፣ የራስ መሸፈኛው፣ ጓንቱ፣ ጫማው በተራ ይለበሳል። ውስጡ ሁሉ ቢጫ መብራት ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ቅብ በሰማያዊ ብርሃን ስለሚበላሽ። ከዚያ በመቆንጠጫ አንድ የጥፍር ስፋት ያላት መስታወት አነሣች። መሐሏ ላይ ለዓይን በጭንቅ የምትታይ አራት ማዕዘን ነጥብ አለች፤ ስታዘነብላት ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ትለወጣለች። «ይኼው፣ ሜታሰርፌስ ይህ ነው» አለችኝ። በጥቃቅን ቅርጾቹ ሞገድን ስለሚያዘው ሰው ሠራሽ ቁስ፣ ስለ ሜታማቴሪያል፣ ብዙ አንብቤ ስለነበር ከጠፍጣፋው ዓይነቱ ከሜታሰርፌስ የጠበቅሁት ትልቅ ነገር ነው። ዝም ብዬ አየኋት። እሷም «ና፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እናያታለን» ብላ ወሰደችኝ።

ማሳያው ላይ ምስሉ እየጠራ ሲመጣ ነጥቧ ውስጥ የምሰሶዎች ደን አየሁ። ምሰሶዎቹ ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተሠሩ ናቸው፤ ለነጭ ቀለም የምንጠቀምበት ያው ንጥረ ነገር። ቁመታቸው 600 ናኖሜትር ያህል ነው። በአንዲት ጸጉር ውፍረት ላይ ሁለት መቶ ያህሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከላይ ሲታዩ ክብ አይደሉም፤ አንድ ረጅም ጎንና አንድ አጭር ጎን ያላቸው አራት ማዕዘኖች ናቸው። ሁሉም አንድ ልክ ናቸው፤ ግን አንዱ ከአጠገቡ ካለው ጥቂት ዞሮ፣ ቀጣዩም እንዲሁ ጥቂት ጨምሮ እየዞረ ይሄዳል። የጥምቀት ዕለት በወረብ የተሰለፉ ካህናት ከዳር እስከ ዳር በተራ ሲዘነበሉ ከሰገነት ላይ ያየ ሰው ሥርዓቱን በዓይኑ ሊስለው ይችላል። «ለምን ያዞሯቸዋል?» አልኋት። «ሌዘሩ ጋ እንሂድ፤ ራስህ ታየዋለህ» አለችኝ።

በጠረጴዛው ላይ ቀይ ሌዘር፣ ከፊቱ ፖላራይዘር፣ ከፖላራይዘሩ ቀጥሎ ሩብ ሞገድ ሳህን የሚባል ስስ ክሪስታል ተደርድረዋል። ይህ ሳህን ቀጥ ብሎ የሚነዝረውን ብርሃን እየተሽከረከረ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ሳህኑን ወዲህ ሲያዞሩት ወደ ቀኝ፣ ወዲያ ሲያዞሩት ወደ ግራ። መስታወቷን ከፊቱ አቁማ ከወዲያ በኩል ነጭ ወረቀት ይዤ እንድቆም አደረገችኝ። ቀይዋ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ከመሐል ወደ ግራ ፈንጠር ብላ ታየች። ሳህኑን ስታዞረው ነጥቧ ከግራ ጠፍታ በቀኝ በኩል ወጣች። ሌዘሩ ያው ነው፤ ቀለሙም ድምቀቱም ያው ነው፤ መስታወቷም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የተለወጠው የብርሃኑ ሽክርክሪት ብቻ ነበር። ጠፍጣፋዋ መስታወት ቀኙን ከግራው ለይታ ለየቦታቸው ሰደደቻቸው። ሳህኑን ራሴ እያዞርሁ ነጥቧን ወዲያና ወዲህ ስመላልሳት ሰዓቱ መሄዱን አላወቅሁም።

አሠራሩን በወረቀት የገለጠችልኝ ከዚያ በኋላ ነው። በምሰሶው ረጅም ጎን የሚነዝር ብርሃን በአጭሩ ጎን ከሚነዝረው ይልቅ ይዘገያል። የምሰሶው ቁመት የተመረጠው ይህ መዘግየት ልክ ግማሽ ሞገድ እንዲሆን ነው። እንዲህ ያለ ምሰሶ በቀጥታ የሚነዝር ብርሃን ሲደርሰው አቅጣጫውን ያዞረዋል፤ ምሰሶው 10 ዲግሪ ቢዞር የብርሃኑ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ይዞራል። የሚሽከረከር ብርሃን ሲደርሰው ደግሞ ሽክርክሪቱን ከቀኝ ወደ ግራ ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል፤ በዚያ ላይ ሞገዱን ምሰሶው የዞረውን ማዕዘን እጥፍ ያህል ወደፊት ይገፋዋል ወይም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መግፋቱና መጎተቱ እንደ ሽክርክሪቱ ወገን ነው። ስለዚህ ምሰሶዎቹ በግማሽ ዙር ውስጥ በተራ ሲዞሩ የሞገዱ ደረጃ፣ ማለትም ሞገዱ በንዝረቱ ዑደት ውስጥ ያለበት ቦታ፣ ሙሉ ዙር ይሞላል፤ የሞገዱ ግንባርም ያዘነብላል። ቀኙ ወደ አንድ ወገን፣ ግራው ወደ ሌላው ወገን የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃኑ ከሞገዱ ርዝመት ያነሰውን እያንዳንዱን ምሰሶ ለይቶ ባያሳየንም፣ የምሰሶውን መዞር ግን ይታዘዛል።

«ይህ የጂኦሜትሪ ደረጃ ይባላል። የፓንቻራትናምና የበርሪ ደረጃም ይሉታል» አለችኝ።

ፓንቻራትናም! ደብተሩን ከሻንጣዬ ፈልጌ አወጣሁት። ፓንቻራትናም በ1956 ይህን ሐሳብ ሲያወጣ ባንጋሎር የሚሠራ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ የታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ራማን የእህት ልጅ ነው። ሁለት ጨረሮች የንዝረት አቅጣጫቸው ቢለያይ ደረጃቸውን እንዴት እናወዳድር ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም ብርሃኑ በተጓዘበት ርቀት ሳይሆን አቅጣጫው በዞረበት ጎዳና ላይ የተመሠረተ ደረጃ እንዳለ አሳየው። እንግሊዛዊው ማይክል በርሪ በ1984 ከኳንተም ፊዚክስ በኩል ወደዚያው ሐሳብ ደረሰ፤ በኋላም የፓንቻራትናምን ቀዳሚነት በጽሑፍ አክብሮ መሰከረ። ፓንቻራትናም ግን ያን ሳያይ በ1969 ገና በ35 ዓመቱ አርፎ ነበር።

በዚያ ክረምት ወደ ኋላ ተመልሼ ያላነበብሁት ነገር የለም። ኻይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን የኤሬዝ ሃስማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሞገዱ ያነሱ መስመሮችን ከቦታ ቦታ እያዞረ በመጻፍ የፓንቻራትናምን ደረጃ የኦፕቲክስ መሣሪያ አደረገው። ካርልስሩህ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2009 ከወርቅ ጥቃቅን ጥምዝ ምሰሶዎች ሠርተው፣ ከ3.5 እስከ 7.5 ማይክሮሜትር ባለው የኢንፍራሬድ ብርሃን ላይ አንዱን ሽክርክሪት አሳልፈው ሌላውን አገዱ። የወርቅ ጥምዞቹን ፎቶ ሳይ የቦስ የጁት ግምድ ነው የታየኝ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በሺህ እጥፍ ገደማ አንሶ። በ2011 የሃርቫርድ ፌዴሪኮ ካፓሶና ባልደረቦቹ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የብርሃን ስብረትን ሕግ አስፍተው ጻፉ። በ2016 ደግሞ ከ600 ናኖሜትር የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ምሰሶዎች በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ጠፍጣፋ ሌንስ አቀረቡ። ከፊቴ ያየኋቸው ምሰሶዎች የዚያ ሌንስ ቤተሰብ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ሳውቅ ለሰር ሳልጽፍ ማደር አልቻልሁም። ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። የምሰሶዎቹን ፎቶ አያይዤ፣ ስሙን እንደያዝሁትና እንዳስፈለገኝ ጻፍሁላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። መደሰታቸውን ነገሩኝና ወዲያው እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ምሰሶዎቹ አንድ ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በመዞር ብቻ ነው። እንግዲያው ለቀኙ ሽክርክሪት ያዘዝኸው ነገር ሁሉ ለግራው ተገላቢጦሽ ይሆናል። ሁለቱን ለየብቻ ማዘዝ ብትፈልግስ?»

ጥያቄው ሙያው ራሱ ሲታገለው የነበረ ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ መለወጥ ነው፤ የምሰሶውን መዞር ብቻ ሳይሆን የጎኖቹንም ርዝመት። የጎኖቹ ርዝመት በእያንዳንዱ ጎን የሚነዝረው ብርሃን ምን ያህል እንደሚዘገይ ይወስናል፤ መዞሩ ደግሞ የፓንቻራትናምን ደረጃ ይጨምርበታል። የካልቴክ ተመራማሪዎች በ2015 በሞላላ የሲሊከን ምሰሶዎች የብርሃኑን ደረጃና የንዝረት አቅጣጫ በየነጥቡ ማዘዝ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2017 የሃርቫርዱ ቡድን ሁለት ተጻራሪ ሽክርክሪቶችን ለየብቻ የሚያዝ ስሌት አወጣ። አንዲት መስታወት ለቀኙ አንድ ሥዕል፣ ለግራው ፈጽሞ ሌላ ሥዕል ታሳያለች ማለት ነው። የእኔም የዶክትሬት ሥራ በዚሁ መስመር ላይ ሆነ፤ የመጀመሪያዋን ሁለት ሥዕል ያላት መስታወት ሠርቼ ፎቶዋን ለሰር ስልክላቸው ከወላጅ ምርቃት የማይተናነስ ምርቃት መረቁኝ።

ይህን ሙያ የምወደው ለዕለት ኑሯችን የሚያደርገውንም ስለማይ ነው። የብርሃንን ሙሉ የፖላራይዜሽን ሁኔታ ለመግለጽ፣ ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እንዳሳየው፣ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ። እነዚህን ቁጥሮች ለመለካት የሚዞር ፖላራይዘርና ብዙ መስታወት ያለበት ከባድ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በ2019 ሃርቫርድ ውስጥ የተሠራው ካሜራ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። አንድ ሜታሰርፌስ የመጣውን ብርሃን በየፖላራይዜሽኑ ለአራት ምስሎች ይከፍለዋል፤ ከአራቱ ምስሎች የእያንዳንዷ ነጥብ አራት ቁጥሮች ይሰላሉ። እንዲህ ያለ ካሜራ በፕላስቲክ ውስጥ የተደበቀ ውጥረትን፣ ከጥላ ጋር የተመሳሰለ የነገርን ቅርጽ፣ ከውኃ የሚመለስ ነጸብራቅን ይለያል። ሰው ሁሉ በኪሱ ሊይዘው በሚችል ልክ መሠራቱ ለሐኪሙም፣ ለአሽከርካሪውም፣ ለፋብሪካ ሠራተኛውም የሚጠቅም ነው። ሜታሰርፌስ ከ2022 ጀምሮ ርቀት በሚለኩ ጥቃቅን መሣሪያዎች ውስጥ ለገበያ ወጥቷል።

ሜታሰርፌስን ለመሥራት ውድ ክፍልና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለመንደፍ ግን አያስፈልግም። በኤምአይቲ የተሠራው ሚፕ የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ አንድ ምሰሶ ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ በተራ ላፕቶፕ ያሰላል። ባሕር ዳር ካሉ የፊዚክስ ተማሪዎች ጋር በየሳምንቱ በኢንተርኔት የምገናኘው በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ምሰሶ ይነድፋሉ፣ ያሰላሉ፤ እኔ ውጤታቸውን አያለሁ፣ እጠይቃለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ «የቀዩን ብርሃን አቅጣጫ ያዘዝሁበት ምሰሶ ለሰማያዊው ሌላ ነገር እያደረገ አስቸገረኝ፤ ሁለቱንም ቀለሞች በአንድ ምሰሶ እንዴት ልዘዝ?» ብላ ጻፈችልኝ። በየላቦራቶሪው ዛሬም ብዙ ሰው የሚደክምበት ጥያቄ ነው። መልሱን አልሰጠኋትም፤ ሰር ለእኔ እንዳደረጉት የምሰሶውን አንድ ጎን ብቻ እየለወጠች ሁለቱን ቀለሞች ጎን ለጎን እንድታሰላ ነገርኋት። ስሌቱን ጀምራለች። መንገዱን ያገኘችው እሷ ብትሆን እኔ የምጠብቀው ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም።